ደቤ፣ የዘገየው እጅህ አልነበረም

ውድ ባለቤቴ ደቤ፣

ከተለየኸኝ ድፍን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ጤንነትህን እንዳልጠይቅህ አንተ ያለህበት ሕመም የለም ይላሉ። የእኔን ከጠየቅህ፣ ቁጭ ብድግ ስል ጉልበቴ ይንቋቋል እንጂ ደህና ነኝ። ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቃለህ። አንተ መንገድ ላይ ሆነህ ወረቀት ስትልክልኝ እኔ መልሱን በቃል ነበር የምልከው። አሁን ግን በቃል የሚያደርስልኝ ሰው የለም፣ ወሬውም ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ። የምሥራች ነው። በምሥራቹ ውስጥ አንድ የእኔ ጥፋት አለ። ሁለቱንም በተራ እነግርሃለሁ፣ ብቻ እንደ ልማድህ አታቋርጠኝ።

መጀመሪያ የቤቱን። ልጃችን ትዕግሥት ሐዋሳ ደህና ናት፤ ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች። ልትቆርጠው መጥረቢያ ያሳልክለት አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየወሰደ ነው። ከግቢያችን በታች ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጠፈለት፤ ባጃጆቹ እንዴት እንደሚበሩበት ብታይ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆመህ ትቆጣ ነበር። እኔም የዩኒፎርም ሥራው ስለበዛብኝ ሁለተኛ ስፌት መኪና ገዛሁ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በዚህች መኪና ነው። ማስቀመጫ ቦታ ሳጣ ዓይኔ ኮምፒውተርህ ያለበት ጥግ ላይ አረፈ። ከሄድክ ጀምሮ በጨርቅ እንደተሸፈነ ነበር። እንዳትቆጣ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልሰጠው ወሰንኩ።

ያ ኮምፒውተር ቤታችን ሲገባ እንዴት እንደተቀበልከው ትዝ ይልሃል? ስትሮኩ ቀኝ እጅህን ከያዘው ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ሐኪሙ «ጣቶቹን ያሠራቸው፣ ይጭመቅ» ብሎ የላስቲክ ኳስ ሰጠህ። ሠላሳ ዓመት ከፍስሐ ገነትና ከባንኮ ጎቲቲ ቡና ጭኖ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ሲወርድ የኖረ ሰው ኳስ ጭመቅ ሲባል ተናደድክና ኳሱን ለጎረቤት ውሻ ወረወርክለት። ያኔ ነው ትዕግሥት ከሥራ ባልደረባዋ ያገኘችውን ያገለገለ ኮምፒውተር ከነመሪው ከነፔዳሉ በሚኒባስ ጭና የመጣችው። «አባዬ፣ ይሄ የከባድ መኪና ጌም ነው። ጭመቅ አይልህም፣ ንዳ ነው የሚልህ» አለችህ።

በመጀመሪያው ቀን ከግቢ ሳትወጣ ሦስት አጥር አፈረስክ። በወሩ ተሳቢውን እየገፋህ ወደ ኋላ ታቆም ጀመር። ጥምቀት ሲደርስ የሸሚዝህን ቁልፍ ራስህ ቆለፍክና ለሰው ሁሉ ደረትህን እያሳየህ ዋልክ።

እኔ ግን ከሁሉም የማልረሳው ያን ወንበር ነው። በእውነተኛው አይሱዙ ጋቢናህ ሁልጊዜ በነጋዴ የተያዘ ስለነበር አብሬህ አገር አይቼ አላውቅም። ጌሙ ሲመጣ ወንበር ከጎንህ አስጠግተህ «ውዴ፣ ጋቢና ግቢ» አልከኝ። እኔ የተማሪ ቀሚስ እየዘመዘምኩ፣ አንተ እየነዳህ፣ ስማቸውን አንብበን በማንጨርሳቸው የፈረንጅ ከተሞች አለፍን። በረዶ ላይ ነዳን። ያ መንገድ የዘጋብህን ፈረንጅ «አንተ፣ ዓይንህ የት ነው?» ብለህ በአማርኛ ስትቆጣው በሳቅ መርፌዬ ጠፋኝ። ዜብራ ላይ ስታቆም «እዚያ ውስጥ ያለው እኮ ሥዕል ነው» ብልህ፣ «እግረኛ እግረኛ ነው» ብለህ እስኪሻገር ጠበቅከው።

ከፋሲካ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። መሪውን ታዞራለህ፣ መኪናው ቆይቶ ይዞራል። ከተማ መግቢያ ላይ ስትደርስ ስክሪኑ እንደ ፎቶግራፍ ቀጥ ይላል፤ ሲለቀው አንተ ግንብ ውስጥ ነህ። ረዳትህ የነበረው ጅግሶ ሊጠይቅህ የመጣ ዕለት እፊቱ መኪናውን ሁለቴ ገለበጥከው። «ውዴ፣ እጄ ዘገየ» አልከኝ። «አዝዤው ቆይቶ ነው የሚሰማኝ።» እኔም «አይዞህ፣ ዕድሜ ነው» አልኩህ። ሰኔ ላይ መሪውን በጨርቅ ሸፈንክ። ከዚያ በኋላ የሸሚዝህንም ቁልፍ እኔ እንድቆልፍልህ ትጠይቀኝ ጀመር። በጥቅምት፣ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳልክ፣ ልብህ ቆመ። እጄ ሞቷል እያልክ ነው የሄድከው።

እንግዲህ አሁን ሰሚራን ላስተዋውቅህ። የቡታጅራ ልጅ ናት፣ ሃያ አራት ዓመቷ። እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ስትመረቅ አልመለስም ብላ ግቢው በር ፊት ለፊት የኮምፒውተር ጥገና ከፈተች። ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ ጥጉን አየችና «እትዬ ውድነሽ፣ ይሄ ይሠራል?» አለችኝ። «ለሰንበት ትምህርት ቤት ልሰጠው ነው፤ ሰው ፊት እንዳያሳፍረኝ እስቲ እይልኝ» አልኳት። ጨርቁን ገለጠች፣ ከፈተችው፣ የአንተን ጌም አስነሳችና መሪውን ያዘች። ገና መጀመሪያው ኩርባ ላይ አጥር ውስጥ ገባች።

«ውይ! ላግ ያደርጋል» አለች።

«ላግ ምንድን ነው?»

«መሪውን አሁን ያዞሩታል፣ ስክሪኑ ቆይቶ ነው የሚሰማዎት።»

ደቤ፣ መቀስ በእጄ ይዤ ቆምኩ። ያንተው ቃል ነው! «አንቺንም ነው እንዲህ የሚያደርግሽ?» አልኳት። «ማንንም ያደርጋል እትዬ፣ ማሽኑ ነው እኮ!» ብላ እንደ ቀላል ነገር ሳቀች። የእሷን ቀሚስ የዚያን ቀን መስፋት አልቻልኩም። «ሰንበት ትምህርት ቤቱ ይቆይ። ይሄ ማሽን ምን እንዳመመው ሳላውቅ ከዚህ ቤት አይወጣም» አልኳት።

ሰሚራ አንድ ሰንጠረዥ ከፈተችና አሳየችኝ። «ራሙ አራት ጊጋ ብቻ ነው። ጌሙ ከተማ ሲገባ ይሞላና ስታክ ያደርጋል፣ ቀጥ ይላል።» ራም ምን እንደሆነ ስታስረዳኝ ቶሎ ገባኝ። ቁም ሣጥኑ ሙሉ ጨርቅ ቢኖርህ መቁረጫ ጠረጴዛህ ጠባብ ከሆነ አንዱን አጥፈህ ሳትመልስ ሌላውን መዘርጋት አትችልም። ኮምፒውተርህ ከተማ በገባ ቁጥር ጨርቅ እያጠፈ እየዘረጋ ነበር፤ አንተ ደግሞ መሪ ይዘህ ትጠብቀዋለህ። ጠረጴዛውን ማስፋት ነው መድኃኒቱ።

ለትዕግሥት ደወልኩና ከሐዋሳ ራም ላከች። ሰሚራ ከማስቀመጫው ስታወጣው እኔ ገና በዓይኔ አይቼ «አይገባም» አልኳት። «እንዴት አወቁ?» አለችኝ። መሐሉ ላይ ያለችው ቅዳጅ ከድሮው ጋር ቦታዋ አይገጥምም። አርባ ዓመት ዚፕ የገጠመ ሰው ይህን አይስትም። ለካ ለአዲሶቹ ማሽኖች የሚሆን ኖሯል። በሳምንቱ ትክክለኛዎቹ መጡ፣ ሁለት ባለ ስምንት።

ያን ዕለት የኮምፒውተሩን ሆድ አየሁት። ገመዱን ሁሉ ነቀልን፣ ሰሚራ ብሎኑን ፈታች፣ ሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እንዳይጎዳው ብላ መጀመሪያ ብረቱን አስነካችኝ። ውስጡ አቧራው እንደ ተባዘተ ጥጥ ተቆልሏል! በስፌት መኪናዬ ብሩሽ ጠረግኩት። የድሮውን ራም አወጣችና አዲሶቹን ልታስገባ ስትል ፈራች፤ «ጠበቅ ይላል፣ እንዳልሰብረው» አለች። እኔ ተቀበልኳትና በሁለት አውራ ጣቴ ግራና ቀኙን እኩል ተጫንኩት። ቀጭ አለና ገባ። ሁለተኛውም ቀጭ። ምነው ባየኸኝ አልኩ።

ስናበራው ስክሪኑ ጨለማ፤ ማሽኑ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ገደልኩት ብዬ ክው አልኩ። ሰሚራ ግን «ሰላም ነው እትዬ፣ ራሙ ከመሰኪያው ጋር በደንብ አልተነካካም ማለቱ ነው» ብላ ራሞቹን መልሳ አወጣች። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለህ? «ላጲስ አለዎት?» ልብስ ላይ ምልክት የማጠፋበትን ላጲስ ሰጠኋት። የራሞቹን ወርቃማ ጥርሶች ፈገፈገችና ነፋችባቸው፤ እኔም እንደገና ተጫንኩ። በራ! ስክሪኑ ላይ አሥራ ስድስት ሲል እኔና እሷ እልል አልን። የጎረቤት ሰው ትዕግሥት ወለደች ብሎ እየሮጠ መጣ።

ጌሙን ከፈትን። ያቺ ሁልጊዜ የምትቆምባት ከተማ መግቢያ ደረስን፤ ስክሪኑ አልቆመም፣ እየተንሸራተተ ገባ። ደስታችን ግን እስከ ኩርባው ነበር። መሪው አሁንም ይዘገያል። ሰሚራ ጥግ ላይ ቁጥር አወጣች፤ በሰከንድ ስንት ሥዕል እንደሚቀያየር የሚቆጥር ነው አለችኝ። አሥራ አራት ይላል። «ቢያንስ ሠላሳ መሆን ነበረበት። አንድ በሽታ ለቀቀው፣ ሌላ አለው» አለች።

ትዕግሥቷ አልቆ ሁሉንም ባንዴ ልትነካካው ስትል ያዝኳት። «ስፌት መኪና ክር ሲበጥስ መርፌውንም፣ ክሩንም፣ ማጥበቂያውንም ባንዴ ከቀየርሽ ጥፋቱ የማን እንደነበር አታውቂም። አንድ ቀይሪ፣ ሞክሪ።» እንዲያ አደረግን። የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አደረገች፣ ትንሽ ተሻለ። ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ዘጋች፣ ለውጥ የለም። መሪውን ነቅላ የራሷ ላፕቶፕ ላይ ሰካችው፣ እዚያ ወዲያው ይታዘዛል። ስለዚህ መሪውም ነፃ ወጣ። ከዚያ መብራት ሄደና ሁለት ቀን ቆየን።

መብራቱ ሲመለስ ሰሚራ ጌሙ ውስጥ ስትፈልግ አንድ ዝርዝር አገኘች። ያደረስከውን ጭነት ሁሉ ከነቀኑና ከነጉዳቱ መዝግቦ አስቀምጦታል ደቤ! የመጀመሪያ ወርህን አልፋ አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ጉዳት የለም፣ ጉዳት የለም፣ ጉዳት የለም። ገጹን እየገለበጠች ወረደች፤ አሁንም ጉዳት የለም። ድንገት ግን ከአንድ ቀን ጀምሮ ግጭት፣ ግጭት፣ ተገለበጠ። «በሽታ ቀስ እያለ ነው የሚብስ» አለች ሰሚራ፣ «ይሄ ግን ባንድ ቀን ነው የተቀየረው። ያን ሰሞን ምን ሆነ እትዬ?» ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰችልኝ። የፋሲካ ማግስት ነበር።

የፋሲካ ማግስት። ከዚያ በፊት ሕማማት ነው። በሕማማት ደግሞ እኔ ቤት አጸዳሁ። ግድግዳውን ኖራ ልቀባ ጠረጴዛህን ከጥጉ ሳብኩት፣ ገመዱን ሁሉ ነቅዬ ጠቀለልኩት፣ ቀብቼ ስጨርስ መልሼ ሰካካሁት። አንተ ተኝተህ ነበር። በኋላም «እንዲህ አሳምረሽ!» ብለህ መረቅከኝ።

ሰሚራ ኮምፒውተሩን አዙራ ጀርባውን አየች። አፏን በሻርፗ ያዘች። «እትዬ፣ የስክሪኑን ገመድ ማን ነው እዚህ የሰካው?»

«እኔ ነኝ።»

ለካ ተመሳሳይ ሁለት መሰኪያ አለው። የታችኛው የግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ለጌም የተሠራው እሱ ነው። እኔ ገመዱ ስላጠረኝ የላይኛው ላይ ሰክቼዋለሁ። የላይኛው የራሱ ሚሞሪ እንኳ የለውም፣ ከራሙ እየተሻማ ነው የሚሠራው። ያቺን ጠባብ ጠረጴዛ ለሁለት የከፈልኩብህ እኔ ነኝ ደቤ። ካርዱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ አንተ ከግንብ ጋር ትላተማለህ።

ሰሚራ ገመዱን ነቅላ ታች ሰካችው። ቁጥሩ ሃምሳ ስምንት አለ። መሪውን እኔ ያዝኩት። ወደ ግራ ሳስበው ወደ ግራ ሄደ። ያኔውኑ! መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ ለቅሶው ደግሞ ተመልሶ ሳቅ። ሰሚራ ደንግጣ ውኃ አመጣችልኝ።

ጥፋቴ ይኸው ነው። የገመዱስ ይሁን፣ ባለማወቅ ነው። እኔን የቆጨኝ «ዕድሜ ነው» ያልኩህ ነው። እጄ ዘገየ ስትለኝ «ማሽኑ ይሆን እንዴ?» ብዬ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። በሕይወቴ ሙሉ ክር ሲበጠስ መኪናውን ፈትሼ ኖሬ፣ አንተ ላይ ሲደርስ መኪናውን ትቼ አንተን ወቀስኩ። ይቅር በለኝ። እንደምትስቅብኝ ባውቅም ይቅር በለኝ።

ለትዕግሥት ደውዬ ስነግራት ከዚያች ሆዷ ጋር እስክትታመም ሳቀች። «እማ፣ አባዬ ቢኖር ይህን ለሾፌር ሁሉ እየዞረ ያወራው ነበር። ‹ሚስቴ ገመድ አዙራ ጡረታ አወጣችኝ› ይል ነበር» አለችኝ። ያን ጊዜ ቀለለኝ።

ሾፌር ስትል ጅግሶ ትዝ አለኝ። ያኔ ስትገለበጥ አይቶህ ሄዶ የመኪና መቆሚያው ላይ «የጋሼ ደበበ እጅ አበቃ» ብሎ ማውራቱን ሰምቻለሁ። ክፋት የለውም፣ አዝኖ ነው። ግን እውነቱን ማወቅ አለበት። እሑድ ጠራሁት። ከመምጣቱ በፊት ለሰሚራ «ገመዱን ወደ ላይኛው መልሺው» አልኳት። «እትዬ፣ ወላሂ ክፉ ነዎት!» እያለች መለሰችው።

«እስቲ ጅግሶ፣ አንተ ወጣት ነህ፣ ደቤ የተቸገረበትን መንገድ ንዳልን» አልኩት። እጅጌውን ጠቅልሎ በኩራት ተቀመጠ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ አጥር ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ላይ ተገለበጠ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ተመለከታቸው። «እንዴ! እትዬ፣ አንቺ አይተሻል አይደል? እኔ አዘዝኩት፣ እጄ ግን እምቢ አለች!»

«አይዞህ» አልኩት፣ «ዕድሜ ነው።»

ሰሚራ መቻል አቅቷት ወደ በረንዳ ሮጠች። ገመዱን ራሴ ወደ ታች ቀየርኩና «አሁን ንዳ» አልኩት። ነዳ። እንደ ቅቤ ከተማዋን ዞሮ ወጣ። ከዚያ ፍሬን ያዘና ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ፣ ፊቱ ተለወጠ። «ታዲያ ጋሼ...» አለ።

«ደህና ነበረ» አልኩት። «እጁ ደህና ነበረ።»

ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። የዚያኑ ቀን ከመኪና መቆሚያው ሁለት ሾፌር ይዞ ተመለሰ፣ በማግስቱ አራት። ሁሉም ተራ በተራ መጀመሪያ በላይኛው ገመድ ይገለበጣል፣ ቀጥሎ በታችኛው ይነዳል። የስንቱን ሾፌር ኩራት በአንድ ገመድ እንዳበረድኩ! አንተን የሚያነሱህ አሁን በሳቅ ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን «ጉዳት የለም»ዎች ቆጥረው ሁሉም ራሳቸውን ነቅንቀው ሄደዋል።

ከዚህ የመጣ ሌላም አለ። ጅግሶ አክስት አሉት፣ ወይዘሮ ታደለች የሚባሉ፣ ወናጎ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህርት። እሳቸውንም ስትሮክ ግራ እጃቸውን ይዟቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወርደው ይመጡና መሪ ይይዛሉ። ደቤ፣ አነዳዳቸው ያስፈራል! ዜብራ አያውቁም፣ ክላክስ ከእጃቸው አይወርድም። የመጀመሪያው ቀን ኩርባ ስተው «አልታዘዝ አለኝ እኮ ይሄ እጅ» ሲሉ ዕድሜ ነው አላልኳቸውም። ጎንበስ ብዬ ገመዱን አየሁ፣ በቦታው ነው። ቁጥሩን አየሁ፣ ደህና ነው። «ዛሬ እንኳ እጅዎ ነው፤ እንደገና ይሞክሩ» አልኳቸው። ባለፈው ቅዳሜ የቦርሳቸውን ዚፕ በግራ እጃቸው ከፍተው ለሰሚራ ከረሜላ አወጡላት። ሰሚራ እጁን የታመመ ሌላ አንድ ሰው አለ ብላኛለች፣ እሱም ይመጣል። አዲሷ ስፌት መኪና በረንዳ ላይ ናት፤ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ በኮምፒውተሩ ፈንታ የመዘምራን ልብስ እየሰፋሁላቸው ነው።

ደቤ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ያስታወስኩህ በስህተት ነበር። ዓይኔን ስከድን የማይህ መሪውን በጨርቅ ስትሸፍን፣ ሸሚዝህን ይዘህ ወደ እኔ ስትመጣ ነበር። አሁን ያ ምስል ተነሥቶልኛል። አሁን የማይህ በረዶ ላይ ተሳቢህን ቀጥ አድርገህ ስትይዝ፣ ፈረንጁን በአማርኛ ስትገሥጽ ነው። ቃል እገባልሃለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አንተን የማስበው እንዲህ ነው። የሚመጣው የልጅ ልጅህም አያቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ሲጠይቀኝ ሾፌር ነበር፣ እጁ እስከ መጨረሻው ቀን ደህና ነበር እለዋለሁ።

የአንተው
ውድነሽ
ዲላ፣ የካቲት